ዐቃቤ ሕግና የመዝገብ ክምር፤ የአንድ የኮርያ ቴሌቪዥን ተውኔት ታሪካዊ መሠረት

ሕዝብ ሕግን በይበልጥ የሚያውቀው በነጋሪት ጋዜጣ ዐምድ ላይ በሰፈረው አንቀጽ ሳይሆን፣ አንቀጹን በእጃቸው በያዙት ሰዎች ፊት፣ አንደበትና ብዕር ነው። ባለጉዳይ በዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ፣ ለእርሱ መንግሥት ማለት ከበሩ ወዲያ ወረቀት የሚያገላብጠው ሰው ነው። ስለዚህም አንድ አገር የዐቃቤ ሕጉን ምስል በመድረክና በቴሌቪዥን መስኮት እንዴት እንደሣለ መመርመር፣ የዚያን አገር የሥልጣን ታሪክ በጓሮ በር ገብቶ እንደ መጎብኘት ይቆጠራል።

በደቡብ ኮርያ እንዲህ ያለው ምርመራ ልዩ ፍሬ ይሰጣል። በዚያ አገር የዐቃቤ ሕግ ሥልጣን ለረዥም ዘመን እጅግ ሰፊ ሆኖ በመቆየቱ፣ የተውኔት ደራስያን ዐቃቤ ሕጉን ወይ የእውነት ጀግና ወይ የሥልጣን ጭራቅ እያደረጉ ሲቀርጹት ኖረዋል። ከዚህ ከተለመደው መንገድ ወጥቶ ዐቃቤ ሕጉን ጠዋት እንደሚገባና ማታ ደክሞት እንደሚወጣ የቢሮ ሠራተኛ አድርጎ ያቀረበው፣ ከዲሴምበር 16 ቀን 2019 እስከ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2020 ጄ.ቲ.ቢ.ሲ. በተባለው ጣቢያ በ16 ክፍል የታየው «ገምሳ ኔጆን» የተሰኘ ተከታታይ ተውኔት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ርእሱ እንደ አማርኛው ሰምና ወርቅ ሁለት ትርጉም ያዘለ ነው። ለጆሮ «የዐቃብያነ ሕግ የእርስ በርስ ጦርነት» ይላል፤ ሲፈታ ደግሞ «የዐቃብያነ ሕግ የውስጥ ታሪክ» ሊሆን ይችላል። በውጭ አገር ይበልጥ የታወቀው «የአንድ ዐቃቤ ሕግ ማስታወሻ» በሚለው ስሙ ነው።

ይህ ተውኔት የአንድ ትንሽ ከተማ ቢሮ ተረት ቢመስልም፣ ከበስተኋላው የአንድ ምዕተ ዓመት ታሪክ ይገኛል። ያንን ታሪክ ሳያውቁ ተውኔቱን መመልከት ፍሬውን ትቶ ገለባውን እንደ መያዝ ነው።

የሥልጣኑ አመጣጥ

በአማርኛ «ዐቃቤ ሕግ» የሕግ ጠባቂ ማለት ነው። «ገምሳ» የሚለው የኮርያ ቃል ግን ከቻይና ፊደል የተወረሰ ሲሆን ትርጉሙ ነገርን የሚመረምር ማለት ነው። አንደኛው ስም ጥበቃን፣ ሁለተኛው ምርመራን ያስቀድማል። የኮርያው ዐቃቤ ሕግ ታሪክም፣ ጠባቂነትና መርማሪነት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሲጫኑ ምን እንደሚከተል የሚያሳይ ታሪክ ነው።

ሹመቱ በኮርያ ምድር የተቋቋመው በ1895 በወጣው የፍርድ ቤቶች ማቋቋሚያ ሕግ ነበር። ይሁን እንጂ አዲሱ ሥርዐት ሥር ሳይሰድ ጃፓን በ1910 አገሪቱን በቅኝ ግዛትነት ያዘች። ቅኝ ገዢዎቹ በ1912 ያወጡት የወንጀል ድንጋጌ፣ ለዐቃቤ ሕጉና ለፖሊሱ በራሷ በጃፓን ከነበረው የበለጠ ያለ ዳኛ ትእዛዝ የማሰርና የመበርበር ሥልጣን ሰጣቸው። ከ1925 ጀምሮ ደግሞ የጸጥታ ማስከበሪያ ሕግ የተባለው ዐዋጅ በኮርያም ሥራ ላይ በመዋሉ፣ የሰውን ድርጊት ብቻ ሳይሆን አሳቡን የሚከታተሉ ዐቃብያነ ሕግ ተሾሙ። ለኮርያ ሕዝብ ዐቃቤ ሕግ የሚለው ስም ከባዕድ ቀንበር ጋር ተያይዞ የታወሰው በዚህ ምክንያት ነው።

አገሪቱ በ1945 ከጃፓን አገዛዝ ከተላቀቀችና በ1948 የደቡቡ ሪፐብሊክ ከተመሠረተ በኋላ፣ ከ1950 እስከ 1953 የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃ ጭምር የተሰለፈበት ታላቅ ጦርነት ምድሪቱን አወደማት። ጦርነቱ በቆመ በዓመቱ፣ በ1954፣ አዲስ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐት ሕግ ወጣ። ሕግ አውጪዎቹ ከባድ ምርጫ ቀርቦላቸው ነበር። በቅኝ አገዛዝ ዘመን በሕዝቡ ላይ የሠለጠነው ፖሊስ ገና በእግሩ ቆሟል፤ ምርመራን ለእርሱ ብቻ መተው አዲሱን መንግሥት የፖሊስ መንግሥት ሊያደርገው ይችላል። ምርመራንና ክስን አንድ ላይ ለዐቃቤ ሕግ መስጠት ደግሞ ሌላ አምባገነን ሊፈጥር ይችላል። ቀድሞ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት የምክር ቤት አባል ኦም ሳንግሶፕ ሁለቱንም አደጋዎች በግልጽ አመለከቱ፤ ወደፊት ምርመራና ክስ መለያየት እንዳለባቸው፣ ለጊዜው ግን ዐቃቤ ሕጉ ፖሊስን እንዲቆጣጠር ማድረግ እንደሚሻል አስረዱ።

«ለጊዜው» የተባለው ከስድሳ ዓመታት በላይ ቆየ። በሕጉ መሠረት ክስ የመመሥረት ሥልጣን የዐቃቤ ሕጉ ብቻ ሆነ፤ ወንጀል ቢኖርም እንኳ ክስ ላለመመሥረት የመወሰን ሥልጣንም ተሰጠው፤ ፖሊስን እያዘዘ ይመረምራል። በ1962 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በበኩሉ፣ ለዳኛ የእስር ትእዛዝ ጥያቄ ማቅረብ የሚችለው ዐቃቤ ሕግ ብቻ እንዲሆን ደነገገ። በዚህ ዐይነት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ብዙ ቁልፎች ተሰበሰቡ።

ሁለት ፊርማዎች

ይህ ሥልጣን በታሪክ ፊት የተፈተነው በታላላቅ ንግግሮች ሳይሆን በጠረጴዛ ላይ በቀረቡ ወረቀቶች ነው። ከእነዚህ ሁለቱን መጥቀስ ይበቃል።

የመጀመሪያው በ1964 የሆነ ነው። የጄኔራል ፓርክ ቹንግ ሂ መንግሥት የስለላ ድርጅት «የሕዝባዊ አብዮት ፓርቲ» የተባለ የኅቡእ ድርጅት ደርሼበታለሁ ብሎ በርካታ ሰዎችን አሰረ። መዝገቡ ወደ ሴኡል ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ሲላክ፣ ጉዳዩ የተመራላቸው ዐቃብያነ ሕግ በቂ ማስረጃ አላገኙበትምና ክሱን አንፈርምም አሉ። የበላይ ሹማምንት ግን ወደ ኋላ አላሉም፤ የእስር ጊዜው ሊያልቅ ሲል በዚያ ሌሊት ተረኛ የነበረውን ሌላ ዐቃቤ ሕግ አስፈረሙት። ፈቃደኛ ያልሆኑት ሦስቱ የሥራ መልቀቂያ አቀረቡ።

ዐሥር ዓመት ካለፈ በኋላ ያው ስም እንደገና ተነሣ። በዚህ ጊዜ መዝገቡ የተመራው ወደ ልዩ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ነበርና እምቢ የሚል ብዕር አልተገኘም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሞት ፍርዱን ኤፕሪል 8 ቀን 1975 አጸና፤ አንድ ሙሉ ቀን ሳይሞላ፣ በኤፕሪል 9 ንጋት፣ ስምንት ሰዎች ተሰቀሉ። በጃንዋሪ 2007 ጉዳዩን እንደገና ያየው የሴኡል ፍርድ ቤት ስምንቱም ንጹሓን መሆናቸውን ፈረደ። ፍርዱን የሰሙት የሟቾቹ ሚስቶችና ልጆች ነበሩ።

ሁለተኛው ወረቀት የቀረበው ጃንዋሪ 14 ቀን 1987 ምሽት ላይ ነው። ፓርክ ጆንግቾል የተባለ የሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በፖሊስ ምርመራ ክፍል ውስጥ በውኃ ሲሠቃይ ሕይወቱ አለፈ። ፖሊሶች አስከሬኑ በዚያው ሌሊት እንዲቃጠል ፈቃድ ለማግኘት በሴኡል ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የጸጥታ ክፍል ኃላፊ ወደነበሩት ወደ ቾ ህዋን ዘንድ ሄዱ። ኃላፊው ግን አልፈርምም አሉ፤ አስከሬኑ በሐኪም እንዲመረመርም አዘዙ። መርማሪው ጠረጴዛውን ቢመታ ልጁ ደንግጦ ሞተ የሚለው የፖሊስ መግለጫ ውድቅ የሆነው በዚህ ምርመራ ነው። የልጁ ሞት በዚያው ዓመት በጁን ወር ሕዝቡን ወደ አደባባይ ካወጡት ምክንያቶች አንዱ ሆነ፤ መንግሥትም ፕሬዚዳንቱ በቀጥታ በሕዝብ እንዲመረጥ ለመስማማት ተገደደ።

ይህም ሆኖ የመሥሪያ ቤቱ ስም ሙሉ በሙሉ አልነጻም። ያው የዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት የአሠቃዮቹ ቁጥር ተቀንሶ ሲሸሸግ እውነቱን አውጥቶ አልተናገረም፤ ያጋለጡት በሜይ 1987 የካቶሊክ ካህናት ናቸው። በ2018 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሙን ሙኢል የሟቹ አባት ተኝተው ወደሚታከሙበት ሆስፒታል ሄደው በመሥሪያ ቤቱ ስም ይቅርታ ጠየቁ።

ከነዚህ ሁለት ታሪኮች የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በ1964 የፈረመው ሰው በዚያ ሌሊት ተረኛ ስለነበረ ብቻ ፈረመ። በ1987 እምቢ ያሉት ኃላፊም በዚያ ወንበር የተቀመጡት ጀግና ይሆናሉ ተብሎ አልነበረም፤ ይመሩት የነበረው ክፍል የመንግሥት ተቃዋሚዎችን የሚከስ ክፍል ነበር። ታሪክ በሁለቱም ጊዜ ያለፈው በተራ የሥራ ቀን፣ በተራ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ጀግናው በቴሌቪዥን መስኮት

ከወታደራዊው አገዛዝ ዘመን በኋላ የኮርያ ቴሌቪዥን ይህንን ታሪክ ለመናገር አንደበቱ ሲፈታ፣ በመጀመሪያ የመረጠው የጀግናን ቋንቋ ነበር። ኤስ.ቢ.ኤስ. የተባለው ጣቢያ በ1995 መጀመሪያ ላይ በ24 ክፍል ያሳየው «የአሸዋ ሰዓት» የተሰኘው ተውኔት ለዚህ ዐይነተኛ ምሳሌ ነው። ደራሲዋ ሶንግ ጂና፣ አዘጋጁ ኪም ጆንግሃክ ነበሩ። በተውኔቱ ውስጥ ሁለት የልጅነት ጓደኛሞች በዘመኑ ግፊት ይለያያሉ፤ አንዱ የወንበዴዎች አለቃ፣ ሌላው ዐቃቤ ሕግ ይሆናል፤ በመጨረሻም ዐቃቤ ሕጉ ለገዛ ጓደኛው የሞት ቅጣት ይጠይቃል። በ1980 በግዋንጁ ከተማ በሕዝብ ላይ የተፈጸመውም ግድያ በግልጽ ታየበት። ከመቶ ስድሳ እጅ በላይ የሚሆን ተመልካች ያገኘበት ምሽት ነበር። ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ወደ ቤቱ ይሮጥ ስለነበር «ወደ ቤት መግቢያ ሰዓት» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ተውኔቶች ምስሉን አጠቆሩት። በ2017 የታየው «ምስጢራዊው ጫካ» የተሰኘው ተውኔት፣ በልጅነቱ በተደረገለት የአንጎል ቀዶ ሕክምና ምክንያት ስሜቱ የደነዘዘ ዐቃቤ ሕግን ዋና ገጸ ባሕርይ አደረገ። የደራሲዋ የሊ ሱዮን አሳብ ስውር አይደለም፤ በጉቦና በዝምድና በተተበተበ መሥሪያ ቤት ውስጥ ንጹሕ ሆኖ ለመቆም የቻለው የማይፈራና የማያፍር ሰው ብቻ ነው ማለቷ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ለሕዝብ የቀረበው «1987» የተሰኘው ፊልምም ያችን የጃንዋሪ ምሽትና ያልተፈረመውን ወረቀት ለአዲሱ ትውልድ አስታወሰ።

እነዚህ ሥራዎች ታላቅ ዋጋ አላቸው። ሆኖም አንድ የጋራ ጉድለት ይታይባቸዋል። ጀግናውም ጭራቁም የሚኖሩት በሴኡል፣ ባለሥልጣንና ባለሀብት በሚከሰስበት ትልቅ መዝገብ ዙሪያ ነው። ደመወዙን የተከለከለው ሠራተኛና የቁጠባ ገንዘቧን የተጭበረበረችው አሮጊት በእነዚህ ተውኔቶች ውስጥ መግቢያ በር አላገኙም።

የጂንዮንግ ቢሮ

«ገምሳ ኔጆን» በሩን የከፈተው ለእነዚህ ሰዎች ነው። ተውኔቱ የተወሰደው ኪም ኡንግ የተባለው ዐቃቤ ሕግ በ2018 ካሳተመው ተመሳሳይ ስም ካለው መጽሐፍ ነው። ጸሐፊው በማጭበርበር ወንጀል ምርመራ ልምድ ያለው ሲሆን፣ ራሱን ዝና እንደሚፈልግ ሰው ሳይሆን ለኑሮው እንደሚሠራ ተራ ሠራተኛ አድርጎ ያቀርባል። በመጽሐፉ ውስጥ አገሪቱን በታላቅ የመንገደኞች መርከብ፣ ዐቃቤ ሕጉን ደግሞ በመርከቧ ላይ በተሰካ አንድ ብሎን መስሎ ይናገራል። የብሎኑ ሥራ የተሰካበትን ብረት አጥብቆ መያዝ ነው እንጂ የመርከቧን አቅጣጫ መወሰን አይደለም።

የተውኔቱ ቦታ ጂንዮንግ የምትባል፣ በደቡቡ የባሕር ዳርቻ የምትገኝ በምናብ የተፈጠረች ትንሽ ከተማ ናት። በሌሎች ተውኔቶች ወደ ገጠር መዛወር የቅጣት መጨረሻ ሲሆን፣ እዚህ ግን ታሪኩ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሊ ሶንግዩን የተጫወተው ሊ ሶኑንግ ዐሥር ዓመት ያህል ያገለገለ፣ ሹመት ያላጓጓው፣ ባለጉዳይን በትዕግሥት የሚያዳምጥ ሰው ነው። ጆንግ ርዮወን የተጫወተችው ቻ ምዮንግጁ ደግሞ በሴኡል ስሟ የገነነ፣ መዝገብ ስትዘጋ እጇ የማይዝል፣ ባልጠበቀችው ዝውውር ወደዚያች ከተማ የተላከች ዐቃቤ ሕግ ናት። ግጭታቸው በደግና በክፉ መካከል የሚደረግ ግጭት አይደለም፤ ሥራን በሁለት መንገድ በሚረዱ ሁለት ሠራተኞች መካከል የሚደረግ ነው። እርሱ ሰውን ሲያዳምጥ መዝገብ ይከመርበታል፤ እርሷ መዝገብ ስትጨርስ ሰውየው ሊያመልጣት ይችላል።

የተውኔቱ እውነተኛ ገጸ ባሕርይ የመዝገብ ክምሩ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በክር የተሰፋ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ወረቀት በጋሪ ተጭኖ ይገባል፤ ሲወጣ ግን በገባው ልክ አይወጣም። በእያንዳንዱ ቋጠሮ ውስጥ ማጭበርበር፣ ያልተከፈለ ደመወዝ፣ ቁማር፣ የጎረቤት ጠብ አለ። ዐቃብያነ ሕጉ ይሣሣቃሉ፣ ምሳ የት እንብላ ብለው ይከራከራሉ፣ ሕፃን ልጅ ያላት እናት በሥራዋና በቤቷ መካከል ትዋከባለች፤ የክፍሉ አለቃ ደግሞ ከበላይ የሚመጣውን ቁጣና ከበታች የሚነሣውን ማጉረምረም መሐል ሆኖ ይሸከማል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገለ ማንኛውም ሰው፣ በየትኛውም አገር ቢሆን፣ ይህንን ቢሮ ያውቀዋል።

የዚህ አቀራረብ ቁም ነገር ሣቁ አይደለም። በኮርያ አብዛኞቹ ዐቃብያነ ሕግ የሚሠሩት ከፖሊስ የሚላኩ ተራ ጉዳዮችን በሚያየው የወንጀል ክፍል ውስጥ ነው። ጋዜጣና ቴሌቪዥን ግን ስለ ልዩ ምርመራ ክፍሎች እንጂ ስለ እነርሱ አይናገሩም። ትልቁ መዝገብ የመሥሪያ ቤቱን ጉልበት ሲወስድ፣ ትንሹ መዝገብ ይጠብቃል። ለባለጉዳዩ ግን ትንሽ መዝገብ የሚባል ነገር የለም፤ የተበላው ገንዘብ የዓመታት ላቡ ነው።

ብሎኑና መርከቧ

ተውኔቱ በጸጥታ የባለጉዳይን ኑሮ ሲያሳይ፣ ከቴሌቪዥኑ መስኮት ውጭ ዝምታ አልነበረም። በኦክቶበር 2019 የልዩ ምርመራ ክፍሎች በሦስት ከተሞች ብቻ እንዲቀሩ ተወሰነ። በዲሴምበር 30 የከፍተኛ ባለሥልጣናትን ወንጀል የሚመረምር ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት የሚያቋቁም ሕግ ጸደቀ። ጃንዋሪ 13 ቀን 2020 ደግሞ፣ በ1954 «ለጊዜው» የተባለውን ሥርዐት የሚለውጥ ሕግ በምክር ቤቱ አለፈ፤ ዐቃቤ ሕጉ ፖሊስን የማዘዝ ሥልጣኑን አጣ። በማግሥቱ ኪም ኡንግ፣ መርከቧን የሚያሽከረክረው ብሎኑ አይደለም ያለው ያው ጸሐፊ፣ ሕጉን በመቃወም ሥራውን ለቀቀ። ተውኔቱ ገና አላለቀም ነበር። በኤፕሪል ወር ደግሞ ለምክር ቤት ተወዳድሮ ተመረጠ።

ይህን ድርጊት አንዳንዱ ወጥነት እንደ ጎደለው፣ ሌላው የኅሊና ጥሪ እንደሆነ ሊያየው ይችላል። ለታሪክ ግን ዋናው ነገር ሌላ ነው። የ1964ቱ ተረኛና የ1987ቱ ኃላፊ ያሳዩት እውነት እዚህም ተደገመ፤ ብሎኑ ስለ መርከቧ አቅጣጫ አያገባኝም ብሎ ለዘለዓለም ሊኖር አይችልም። የተውኔቱም ድክመት እዚህ ላይ ነው። የሥልጣንን ድካም በሚገባ አሳየ እንጂ የሥልጣንን ክብደት እምብዛም አላሳየም። የጂንዮንግ ዐቃቤ ሕግ ደክሞት ሲያዛጋ ተመልካቹ ይወደዋል፤ ነገር ግን ያው የደከመ እጅ ሰውን ሊያስር እንደሚችል ይዘነጋል።

ቀጥሎ የመጡት ዓመታት ይህንን አብዝተው አስረዱ። ከ2019 ጀምሮ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ዩን ሶክዮል፣ ባለሥልጣንን በመመርመር ባገኙት ዝና በማርች 2022 ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ዲሴምበር 3 ቀን 2024 ሌሊት ወታደራዊ ዐዋጅ ዐወጁ፤ ምክር ቤቱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ዐዋጁ እንዲነሣ ወሰነ፤ ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤትም ኤፕሪል 4 ቀን 2025 ከሥልጣን አወረዳቸው። በሴፕቴምበር 2025 ምክር ቤቱ የዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤቱን አፍርሶ ምርመራንና ክስን ለሁለት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች የሚያከፋፍል ሕግ አወጣ፤ ለዝግጅትም የአንድ ዓመት ጊዜ ሰጠ። የ1954ቱ ሕግ አውጪ ወደፊት መሆን አለበት ያሉት ነገር በሕግ የተጻፈው ከሰባ ዓመታት በኋላ ነው።

የሊ ሶኑንግን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ተዋናይ ይህንን ለማየት አልታደለም። ሊ ሶንግዩን በአደንዛዥ ዕፅ ተጠርጥሮ በፖሊስ ሲመረመር ቆይቶ ዲሴምበር 27 ቀን 2023 ሞቶ ተገኘ። በሦስተኛው ጊዜ የተጠየቀው ሌሊቱን ሙሉ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ነበር፤ የምርመራው ዝርዝርም ገና ፍርድ ቤት ሳይቀርብ በየጋዜጣውና በየስርጭቱ ተበትኖ ነበር። በጃንዋሪ 2024 የፊልም አዘጋጁ ቦንግ ጁንሆና ሌሎች የኪነ ጥበብ ሰዎች በአንድነት ቆመው የምርመራው አካሄድ እንዲጣራ ጠየቁ። መዝገብ ማለት የሰው ሕይወት መሆኑን በተውኔት ለሕዝብ ያስረዳው ሰው፣ በመጨረሻ እርሱ ራሱ መዝገብ ሆነ።

የዚህ ተውኔት ታሪክ ለኪነ ጥበብ ሰዎችና ለመምህራን የሚተወው ትምህርት ቀላል አይደለም። ጀግናን መሣል ሕዝብን ያነቃቃል፤ ጭራቅን መሣል ሕዝብን ያስጠነቅቃል። ይሁን እንጂ ፍትሕ የሚኖረው ወይም የሚሞተው በአብዛኛው በሁለቱም እጅ አይደለም፤ በደከመው፣ በሚያዛጋው፣ ምሳው በሚያሳስበው ሠራተኛ እጅ ነው። «ገምሳ ኔጆን» ይህንን ሰው ከነድካሙ አሳየ፤ ታሪክ ደግሞ ድካሙ ከኃላፊነት እንደማያድነው አስረዳ። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ የሚጽፍ ደራሲ ሲገኝ፣ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተራውን የሚጠብቀው ባለጉዳይ ከበሩ ወዲያ ያለው ሰው ማን እንደሆነ በሚገባ ያውቃል።